ለተዋናይ ቶም ኤደን የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የምጽፈው ለእንግሊዛዊው የመድረክ ተዋናይ ለቶም ኤደን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን መጥታ ሳለ ወረርሽኙ ከቤት እንዳንወጣ አደረገን፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቀርቶባት፣ ሁዳዴውን ከመስኮት ሥር ተቀምጣ ትጾም ነበር። በዚያው ሰሞን የለንደኑ ናሽናል ቲያትር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳየውን የሪቻርድ ቢን «ዋን ማን፣ ቱ ገቭነርስ» ተውኔት ቀረጻ በዩቲዩብ ለአንድ ሳምንት በነጻ ስለለቀቀ፣ እንግሊዝኛ እንደማትሰማ እያወቅሁም ቢሆን አብረን እንድናይ ከፈትኩት።

ተውኔቱ ጣሊያናዊው ጎልዶኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጻፈው ኮሜዲ ተወስዶ ወደ 1963ቱ ብራይተን የመጣ ሲሆን፣ አንዱ ጌታ ስለ ሌላው ሳያውቅ ሁለት ጌቶችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ሰው ታሪክ ነው። መሪውን ሚና የተጫወተው ጄምስ ኮርደን ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት አግኝቶበታል፤ ይገባዋልም። እኔን የማረከኝ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚታየው አስተናጋጅ አልፊ ነው።

አልፊ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጆሯቸው የከበደ፣ ልባቸው በመሣሪያ የምትደገፍ አዛውንት ናቸው። ሾርባ ተሸክመው ሲገቡ እጃቸው ጎድጓዳውን ሳህን እንደያዘ ይንቀጠቀጣል፤ በር ይመታቸዋል፣ ከደረጃ ወደ ኋላ ይወድቃሉ፣ እንደገና ተነሥተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እናቴ መጀመሪያ «ኧረ እባካችሁ ሾርባውን ተቀበሏቸው!» ብላ ደነገጠች፤ ቀጥላም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኚያ ሽማግሌ ገና በጉልምስና ላይ ያለ ሰው መሆኑን ስነግራት ለማመን ተቸገረች።

የኤደን ችሎታ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እርጅናን ለማሳቂያነት ጎብጦና ድምፅ አንቀጥቅጦ ማሳየት ለብዙ ተዋናይ የሚከብድ አይደለም፤ እሱ ግን በአዛውንቱ ላይ አንድም ጊዜ አይሳለቅም። አልፊ የሚፈልጉት ምግቡን ከጠረጴዛው ማድረስ ብቻ ነው፤ ፊታቸው ላይ የሚነበበውም የአንድ ትጉህ ሠራተኛ ጭንቀት ስለሆነ፣ ሳቁ ከክብራቸው ምንም ሳይቀንስ ይመጣል። የአካል ቧልቱን ያሰናዳው ካል ማክሪስታል መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእሱም ምስጋና ይድረሰው። ሆኖም እያንዳንዱን አወዳደቅ በትክክለኛዋ ቅጽበት፣ ሰውነቱን ሳይጎዳ፣ በየምሽቱ አዲስ አድርጎ የሚያቀርበው ተዋናዩ ራሱ ነው። ኤደንም ተውኔቱ በኒው ዮርኩ የቲያትር መንደር በብሮድዌይ ሲታይ ለዚህ አጭር ሚና ለቶኒ ሽልማት ታጭቷል።

በሐምሌ ይኸው ቲያትር ቤት ስለ ሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት የሚተርከውን «አማዴየስ» የተባለ ተውኔት ሲለቅ፣ ኤደን የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛን ሆኖ አየነው። እናቴ «ይሄ ያ ሰው አይደለም» ብላ አጥብቃ ተከራከረችኝ። ለአንድ ተዋናይ ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት አላውቅም።

እንግሊዝኛ የማይሰሙ ወላጆች አብረዋችሁ ካሉ ቀረጻውን ፈልጋችሁ አሳዩአቸው፤ የኤደንን ስም በአንድ ቲያትር ቤት ማስታወቂያ ላይ ካያችሁም ትኬት ለመቁረጥ አታመንቱ። ትወና የምትማሩ ደግሞ አልፊ ሾርባ የሚያቀርቡበትን ትዕይንት ሁለት ጊዜ እዩት፦ መጀመሪያ ለሳቁ፣ ቀጥሎ ግን ከወገቡ በታች ብቻ እያያችሁ፣ ደረጃው ላይ ሚዛኑን እንዴት እንደሚያጣ ተከታተሉ።