ሥራ አጥታችሁ አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ) ለምትሞሉ ሁሉ፦ ሜሪላንድ፣ ዊተን ያለችውን ልጅ ሳታገኟት ለማንም አትክፈሉ

ሰላም ወገኖቼ። ይሄን ጽሁፍ ከጀመርኩት ሳምንት አልፎኛል። ስጽፍ ሆዴ ይባባና እተወዋለሁ። ዛሬ ግን ሳልጨርስ አልነሳም። የማመሰግናት ልጅ አለች፣ እናንተም እንድታውቋት እፈልጋለሁ።

ሜሪላንድ፣ ቤቴዝዳ፣ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ 11 ዓመት ካሸር ነበርኩ። ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ ይሄን ሥራ ታውቁታላችሁ፣ ስንቶቻችን በሱ ልጅ አሳድገናል። ጠባብ ክፍል፣ የመኪና ጭስ፣ በብርዱ ጊዜ እግር ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ማሞቂያ። አንድ ሰኞ ጠዋት መክፈያ ማሽን ተተከለ። በሦስተኛው ሳምንት ሱፐርቫይዘሩ አራታችንንም ጠርቶ ሥራችሁ እዚህ ላይ አብቅቷል አለን። ደህና ሁኑ እንኳን በቅጡ አልተባልንም።

ባለቤቴ በዚያው ማታ አንኢምፕሎይመንት ሙላ አለችኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ልመና መሰለኝ። እኛ አገር ሥራ ያጣ ሰው ወንድሙ ጋ ይጠጋል፣ ከጓደኛ ይበደራል፣ መንግሥት ይከፍለኛል ብሎ አያስብም። ደግሞ የሲቲዝንነት ማመልከቻዬን ላስገባ እየተዘጋጀሁ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ከበላህ ኢሚግሬሽን ይይዝብሃል የሚል ወሬ ሰምቼ ፈራሁ። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። የቤት ኪራዩ ቀን ሲቃረብ ግን ጭንቀቱ ኩራቴንም ፍርሃቴንም በለጠና ፎርም እሞላለሁ የሚል ሰው ጋ ሄድኩ።

የሰውየውን ስምም ቦታም አልናገርም። እግዜር ይቅር ይበለው። 250 ዶላር ተቀበለኝ። ሥራ ላጣ ሰው 250 ዶላር ምን እንደሆነ ያጣ ያውቀዋል። 15 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። አድራሻዬን ጠየቀኝ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አልኩት። ሶሻል ሴኩሪቲዬን ሰጠሁት። ኢሜይል የለኝም ስለው በራሱ ኢሜይል ከፈተው፣ ፓስወርዱንም እሱ ያዘው። «በቃ ጨርሰናል፣ ገንዘቡ ይመጣል፣ ጠብቅ» አለኝ። ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ስደውልለት መጀመሪያ «ይመጣል» ይለኝ ነበር፣ በኋላ ማንሳቱን ተወው። ወደ አንኢምፕሎይመንት ቢሮው መስመር ደወልኩ፣ ያ ሙዚቃ ይዘፍናል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄ ይቋረጣል። አንድ ቀን ሰው አነሳልኝ፣ ቶሎ ቶሎ ተናገረች፣ ቀስ በይልኝ ስላት ስልኩ ተዘጋ። አውቃ ትዝጋው ሳታውቅ እኔ አላውቅም፣ ግን ስልኩን ይዤ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ከቢሮው ደብዳቤ መጣ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ እሱ አነበበልኝ። የየሩብ ዓመቱ ደሞዝ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ አለው፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። ልጄ አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና «አባዬ፣ አልሠራህም ነው የሚሉት» አለኝ።

11 ዓመት! ያ ልጅ ማታ ማታ ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ስገባ እያየ ነው ያደገው። ገንዘቡ መቅረቱ እንደዚያ አላመመኝም። ልጄ ፊት አልሠራህም መባሌ ነው ያመመኝ። ያን ለሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ናቸው የነገሩኝ። «ዊተን አሜሪካን ጆብ ሴንተር ሂድ፣ ሥራ ያጣ ሰው የሚረዳበት ማዕከል ነው፣ አማርኛ የምትናገር ልጅ አለች፣ በነፃ ነው» አሉኝ። በነፃ ሲሉኝ አላመንኩም። ሰኞ ሄድኩ። ዊተን ሜትሮ ያን ማለቂያ የሌለው ኤስካሌተር ታውቁታላችሁ። እስከ ላይ ድረስ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ወጣሁ።

ስደርስ ልጅቷ ምሳ ልትወጣ ካፖርቷን ለብሳ ነበር። በአማርኛ ሰላም ስላት ቆመች። ደብዳቤውን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ጋራዡ የት ነበር?»

«ቤቴዝዳ።»

«ቤትዎስ?»

«አሌክሳንድሪያ።»

ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ይሄን መቼም አልረሳውም። «ይቀመጡ ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎ የሚኖሩት ቨርጂኒያ ነው፣ የሠሩት ግን ሜሪላንድ ነው። አሠሪዎ ደሞዝዎን ያስመዘገበው ሜሪላንድ ነው። ማመልከቻው መግባት ያለበት ወደ ሠሩበት ስቴት ነበር። ቨርጂኒያዎች የራሳቸውን መዝገብ ፈልገው ስላላገኙዎት ነው ዜሮ የሆነው። የ11 ዓመት ሥራዎ የትም አልሄደም፣ እዚህ ሜሪላንድ አለ።»

ያ ብር የበላኝ ሰው ያልጠየቀኝ፣ ስልክ ላይ የጠበቅኳቸው ሁሉ ያልጠየቁኝ ጥያቄ ነው። የት ነበር የምትሠራው? በቃ። ከኛ ስንቱ ነው ቨርጂኒያ አድሮ ሜሪላንድ የሚሠራ፣ ሜሪላንድ አድሮ ዲሲ የሚሠራ! እባካችሁ ይሄን ያዙልኝ። የምትኖሩበት ሳይሆን የሠራችሁበት ስቴት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሁሉ ገባኝ አልላችሁም። ቢከን የሚባል የሜሪላንድ አንኢምፕሎይመንት የሚሞላበት የኢንተርኔት ሲስተም አለ፣ እዚያ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ ጻፈች። የገባኝ ነገር ቢኖር ሁሉንም እኔን እያስነካች መሥራቷ ነው። ኢሜይል በራሴ ስም ከፈተችልኝ። ፓስወርዱን ስጽፍ ፊቷን አዙራ «ለኔም አይንገሩኝ» አለች። የዚያን ሰው ነገር ሳስብ ይሄ ብቻውን ልቤን ነካው።

ልመና መስሎኝ እንደነበር ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ይሄ ኢንሹራንስ ነው አለችኝ፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ያለ ነው፣ አሠሪዎ በእርስዎ ስም ታክስ ሲከፍልበት የኖረ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከሠራተኛ ደሞዝ አይቆረጥም አለችኝ። የኢሚግሬሽኑንም ጠየቅኳት። አንኢምፕሎይመንት ሠርተው ያገኙት መብት ስለሆነ ፐብሊክ ቻርጅ፣ ማለት የመንግሥት ሸክም፣ ከሚሉት ውስጥ አይገባም አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የፈራሁት ነገር በአንድ አረፍተ ነገር አለቀ።

ደግሞ ማመልከት ብቻ አይበቃም። በየሳምንቱ መግባትና ጥያቄዎቹን መመለስ አለባችሁ። ሳምንቱ የሚቆጠረው ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ነው። ካልሞላችሁ ለዚያ ሳምንት አይከፈልም። ያ ሰው ይሄን ጭራሽ አልነገረኝም። እሷ ደብተሬ ላይ በአማርኛ ጻፈችልኝ፦ ለመሥራት ዝግጁ ነበሩ? በሳምንቱ ሠርተው ያገኙት ገንዘብ አለ? ሥራ ፈልገዋል? ሥራ ፍለጋውን ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ነገር አድርጌ ቀኑን፣ የድርጅቱን ስም፣ ያናገረኝን ሰው እንድመዘግብ ነገረችኝ። ትንሽ ሥራ እንኳ ከሠሩ ሳይደብቁ ይጻፉ አለች፣ የተደበቀ ኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ታክስ እንዳለበትም የነገረችኝ እሷ ናት። የፌዴራሉን 10 በመቶ ከፊት አስቆረጥኩ፣ ስለዚህ በጥር ያ 1099 ጂ የሚባለው የታክስ ወረቀት ሲመጣ አልደነገጥኩም።

ምሳዋን ሳትበላ ነው ያን ሁሉ ያደረገችው። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ይቅርታ ልጄ፣ ምሳሽን አስቀረሁብሽ ስላት «አባቴም ታክሲ ነበር የሚነዳው ጋሼ» አለችኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። እኔ ከፍቼ ለልጄ ሰጠሁት። ሠንጠረዡ ውስጥ የየሩብ ዓመቱ ደሞዜ ቁጭ ብሏል፣ የጋራዡ ስም ተጽፏል። ልጄ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ሜሪላንድ በሳምንት ከፍተኛው ያን ጊዜ 430 ዶላር ነበር፣ የኔ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። የድሮ ደሞዜን አያህልም፣ ግን ኪራይ ከፈልንበት፣ ደሴ ላለችው እናቴም ወር ሳይዛነፍ ላክን። በዚያ ሰው ምክንያት ያለፉት ሳምንታት ግን አልተመለሱልኝም። እነሱ ቀልጠው ቀሩ። ለዚህ ነው ቶሎ ሂዱ የምላችሁ፣ ሥራችሁን ባጣችሁበት ሳምንት ሂዱ፣ እንደኔ አታመንቱ።

አሁን ሆስፒታል ውስጥ የማታ ሥራ አግኝቻለሁ። ሥራ እንደያዝኩ ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረችና ይዤላት ሄድኩ። ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም አለች። አዘንኩ። ፊቴን አይታ ቢላ አመጣችና እዚያው ወረፋ ለሚጠብቁት ሁሉ ቆርሳ አደለችው። አንድ የሳልቫዶር ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ወሰደ።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ አከብርላታለሁ። ዊተን አሜሪካን ጆብ ሴንተር ግቡና አማርኛ የምትናገረዋን በሉ፣ ያሳዩዋችኋል። ሌላ ስቴት ወይም ሌላ ካውንቲ ያላችሁም እንዲህ ያለ ማዕከል በየአካባቢው አለ፣ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ለአስተርጓሚም አይከፈልም። መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የሥራ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ፣ ያላችሁን የደሞዝ ወረቀት፣ የአሠሪያችሁን ስምና አድራሻ ይዛችሁ ሂዱ። የመጣላችሁን ደብዳቤ ሁሉ አትጣሉ፣ በተለይ የተከለከላችሁበትን። ይግባኝ የሚባለው በቀን የተቆጠረ ነው፣ ሜሪላንድ 15 ቀን ነው።

ካገኛችኋት ደግሞ የፓርኪንጉ ጋሼ ሰላም ብሎሻል በሉልኝ። ልጁም ሰላም ብሎሻል በሏት።