የካዲስ ዝንብ መሥሪያ ኪት፦ ጸጉሩ ግሩም፣ ላባው ግን ረዘመ
ለትራውት ዓሣ ማጥመጃ የሚሆነውን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰው ሠራሽ የካዲስ ዝንብ (ካዲስ በውሃ ዳር የሚገኝ የእሳት ራት መሰል ነፍሳት ነው) በእጅ ለመሥራት የተዘጋጀ ኪት ገዝቼ፣ በ14 ቁጥር መንጠቆ ደርዘን ያህል ሠርቼበታለሁ። ኪቱ የሚከተለው አሜሪካዊው አል ትሮዝ በ1957 እ.ኤ.አ. የፈጠረውንና ክንፉ ኤልክ ከተባለው ትልቅ አጋዘን ጸጉር የሚሠራውን ዝንብ ነው። ከዕቃው ሁሉ ያስደሰተኝም ይኸው ጸጉር ነው፤ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ዝንቡን ያንሳፍፋል፣ ክሩም ሲጠብቅበት ሥሩ በእኩል ይበተናል። በመጀመሪያ ሁለት ዙር ላላ አድርጎ ጠምጥሞ፣ ጸጉሩን በጣት ጭብጥ እንደያዙ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ክንፉ ተሽከርክሮ ከመንጠቆው ጎን ይወርዳል (የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንዲህ ተበላሽተውብኛል)።

ቅሬታዬ በዝንቡ አካል ዙሪያ በሚጠመጠመው የአውራ ዶሮ ላባ ላይ ነው። ከላባው ዘንግ ጎንና ጎን የሚወጡት ጭራዎች ርዝመት ከመንጠቆው አፍ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ መሆን ሲገባው፣ የተላከልኝ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለነበር ዝንቡ ውሃ ላይ ወደ ጎን ይጋደማል። ከኪቱ ጋር የመጣው ሞርሳም (መንጠቆውን ቆንጥጦ የሚይዘው መሣሪያ) ክሩ ጠበቅ ሲል መንጠቆውን ያንሸራትታል። ሽቦውና ክሩ ደህና ናቸው። ሞርሳ ላለው ሰው ኪቱን ለጸጉሩ ሲል ቢገዛው አይቆጭም፤ ላባውን ግን ለብቻው ይፈልግ።