የቪያጄን የውሻ ክሎኒንግ፦ በ50,000 ዶላር ምን ይገዛል?

ቴክሳስ የሚገኘው ቪያጄን የተባለ ኩባንያ አንድ ውሻ ክሎን ለማድረግ፣ ማለትም ከሴሉ ተመሳሳይ ዘረመል ያለው ሌላ ውሻ ለማስወለድ፣ 50,000 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቷል፤ ለኋላ እንዲሆን ሴሉን ብቻ ለማስቀመጥ ደግሞ 1,600 ዶላር። ሁለቱ አገልግሎቶች ለየብቻ መመዘን አለባቸው።

ሴል ማስቀመጡ ጥሩ ነው። የእንስሳት ሐኪም ከቆዳው ትንሽ ቁራጭ ይወስዳል፤ ቤተ ሙከራው ሴሎቹን አራብቶ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ያቆያቸዋል። ነገሩ የሚበላሸው ውሻው ሲሞት ነው፤ ባለቤቱ ተቻኩሎ ሬሳውን ፍሪዘር ውስጥ ያስገባዋል። ያለ መከላከያ ፈሳሽ በቀዘቀዘ ሴል ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሽፋኑን ይቀደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚራባ ሴል አይገኝም። ሬሳው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ከሁሉም የሚሻለው ግን በሕይወት እያለ ማስወሰድ ነው።

ክሎኒንጉን ግን አንመክርም። ከሌላ ውሻ እንቁላል ላይ አስኳሉ፣ ማለትም ዘረመሉን የያዘው ክፍል፣ ይወጣል፣ የተቀመጠው ሴል ይገባበታል፣ በኤሌክትሪክ ምት ይዋሃዳሉ፤ ከዚያ ሌላ ውሻ ሁለት ወር ገደማ ታረግዘዋለች። የውሻ እንቁላል ሳይበስል ወጥቶ በማህፀን ቱቦው ውስጥ ስለሚበስል፣ ለመልቀም ሰጪዋን ቀዶ ማከም ያስፈልጋል። ከፋዩ እነዚህን ውሾች አያያቸውም።

የመጀመሪያው ክሎን ውሻ ስናፒ በ2005 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኮሪያ ሲወለድ፣ 1,095 ፅንሶች ወደ 123 ውሾች ገብተው የተገኘው እርግዝና ሦስት ብቻ ነበር። አንዱ ጨነገፈ፤ አንዱ ቡችላ በ22 ቀኑ በሳንባ ምች ሞተ። ዘዴው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ መሠረታዊው ችግር ግን አልጠፋም። በአዋቂ ሴል ዘረመል ላይ ያሉት ኬሚካላዊ ምልክቶች በቅጡ ካልተሰረዙ የእንግዴ ልጁ ይታመማል፣ ፅንሱም አይጸናም።

የሚወለደውም ያው የቀድሞው ውሻ አይደለም። ማይቶኮንድሪያው፣ ማለትም የራሱ ዘረመል ያለው የሴሉ ኃይል አመንጪ ክፍል፣ ከእንቁላል ሰጪዋ ነው፤ ጠባዩን አስተዳደጉም ይቀርጸዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ክሎን ድመት ሲሲ የተቀዳችው ባለ ሦስት ቀለም ከሆነች ድመት ነበር፤ እሷ ግን ብርቱካናማው ቀለም ሳይኖራት ተወለደች።

«ታዲያ ሰውስ?» ለሚል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ከቻይና የተሰማውን የጦጣዎች ክሎኒንግ ውጤት ይመልከት። ሁለቱ በሕይወት የቆዩት ከፅንስ ሴል የተቀዱ ናቸው። ከአዋቂ ሴል የተሠሩት 181 ፅንሶች ወደ 42 እናቶች ገብተው 22 አረገዙ፤ ሁለት ተወለዱ፣ ሁለቱም ወዲያው ሞቱ። በእነዚያ 42 እናቶች ቦታ ሴቶችን ማስቀመጥ ግፍ ነው፤ የሚወለደው ሕፃንም ለዚህ ፈቃዱን አልሰጠም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በመጋቢት 2005 እ.ኤ.አ. አገሮች የሰው ክሎኒንግን እንዲከለክሉ በ84 ድጋፍ፣ በ34 ተቃውሞና በ37 ድምፀ ተአቅቦ ጠይቋል፤ ውሳኔው ግን አስገዳጅ አይደለም።

ውሻውን ለማዘዝ የቆረጠ ሰው ከመፈረሙ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ያስመልስ፦ ለአንድ ቡችላ ስንት ውሾች እንቁላል ይሰጣሉ? ስንቱ ፅንስ ይገባል? ስንቱ ይጨነግፋል? ያረገዘችውስ ከወለደች በኋላ የት ትሄዳለች?