ማይኮራይዛ ወይስ ትራይኮደርማ?

ሁለቱም ለሥር የሚጠቅሙ ፈንገሶች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ማይኮራይዛ የቲማቲሙ ሥር ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ይዘረጋና ፎስፈረስ ያመጣል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። ታዲያ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ካበዛችሁ ተክሉ ፊቱን ያዞርበታል። ጎመን ደግሞ ጭራሽ አይቀበለውም፤ ለጎመን ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ትራይኮደርማን ዘበኛ በሉት። ችግኝ የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ላይ ተጠምጥሞ ይበላቸዋል። ለጎመንም ይሆናል።

እኔ ብመርጥ? ችግኙ ግርጌው ጠቁሮ ክንብል የሚል ከሆነ ትራይኮደርማን። ለቲማቲምና ለቃሪያ ግን ማይኮራይዛን፣ ያውም ገና በችግኝ ትሪው ላይ እያለ፣ ሥሩን እንዲነካ አድርጌ። ላይ ላዩን መበተን ብዙም አይፈይድም። ፈንገስ ማጥፊያ ከረጫችሁ ደግሞ ሁለቱንም ልትጎዱ ትችላላችሁ።