ወንድሜን ከውርርድ ቤት ደጃፍ ለመለሱልን ባለሙያ

ይህን ምስጋና የምጽፈው ደሴ ውስጥ ለሚሠሩ አንዲት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላነሣ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም፤ ነገር ግን በስፖርት ውርርድ ልጁን ወይም ወንድሙን እያጣ ያለ የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰብ ሁሉ እኚህን ሰው ቢያውቃቸው እወዳለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። የዕለት ገቢው በቲኬት ሲያልቅ፣ የእናታችን የዕቁብ ገንዘብ ሳይቀር ሲሄድ ኖረናል። «አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያቃጠለኝ» እያለ የነገውን ያስይዛል። እርዳታ ፍለጋ ያላንኳኳነው በር አልነበረም። አንዱ ዘንድ ረጅም ወረፋ ጠብቀን ብንገባ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው የእንቅልፍ መድኃኒት ጽፎ ሸኘን። ሌላው ደግሞ ገንዘቡን አስቀድሞ ከተቀበለ በኋላ «ወንድ ልጅ ቆራጥ ነው፤ ከፈለግህ ትተዋለህ» ብሎ ሰው በተሰበሰበበት አሳፈረው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ በዚያው ምሽት ከወትሮው የበለጠ አስያዘ። የታመመን ሰው አዋርዶ ገንዘብ መቀበል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኚህ ባለሙያ ግን ስለ ቆራጥነት አንድም ቃል አላነሡም። ነጭ ወረቀት አውጥተው «ወንድሜ፣ ጠዋት ከቤት ወጥተህ ማታ እስክትገባ የምትውልበትን መንገድ ሣልልኝ» አሉት። እሱ ከሆጤ እስከ ፒያሳ ያለውን እየሣለ ሲሄድ «እዚህ ጋ ምን ታያለህ? ምንስ ትሰማለህ?» እያሉ ይጠይቁታል። ተሳፋሪ የሚጠብቅበት ቦታ ፊት ለፊት ያለው የውርርድ ቤት ስክሪን፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው የጨዋታ ዝርዝር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከዲኤስቲቪ ቤቱ የሚወጣው ጩኸት፣ ስልኩ ላይ የሚገባው የማስታወቂያ መልእክት፣ እያንዳንዱ በእስክርቢቶ ተከበበ። ከዚያ «የምትወስነው ቲኬት ቆራጩ ፊት ስትቆም አይደለም፤ ከእነዚህ በአንዱ ስታልፍ ተወስኖ ያልቃል» አሉት። የወንድሜ ዕንባ መጣ።

ስለ አንጎል አሠራር ካስረዱን አብዛኛው ከአቅሜ በላይ ነው። የያዝኩት ግን አለ። የቁማር ሱስ ሕመም መሆኑን፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ እንዳስቀመጠው ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ፣ ቁማር በሚመስል ሙከራ ላይ ድሉ በብርሃንና በድምፅ ሲታጀብ አይጦች እንኳ ይበልጥ የሚያስከስራቸውን ምርጫ ማዘውተራቸውን፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በሰዎች ላይ ተቀራራቢ ነገር መታየቱን አጫወቱን። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ።

ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ የሚጠብቅበትን ቦታ ቀየረ፣ መልእክቶቹን አዘጋ፣ ገቢውን ማታ ማታ ለእኔ ማስረከብ ጀመረ። ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ አጎታችን ሱቅ ያግዛል።

መሐል ላይ አንድ ቀን ተመልሶ አስያዘ። እያፈረ አብረን ስንገባ እሳቸው አልተቆጡም፤ ያንኑ ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው «የትኛው ነበር?» ብቻ አሉት። ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ማታ ባጃጁን አስገብቶ በእግሩ ሲመለስ የደሴ ዝናብ ይይዘውና የተጠለለው ውርርድ ቤት በረንዳ ላይ ኖሯል። «እንግዲያው ጃንጥላ ያዝ» ብለው በረንዳውን ጨመሩበት። ከቢሮው ስንወጣ «እታለሜ፣ ሰው አደረጉኝ» ያለኝን መቼም አልረሳውም።

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይጨምርልዎ፤ እናታችን በየቡናው በዱዓ ታነሣዎታለች። ወገኖቼ፣ እባካችሁ ዘመዳችሁን ከመስደባችሁ በፊት እኚህ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት፤ አደራ። የሚሠሩበትን ቦታና ሰዓት በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ስትሄዱ የልጁን የዕለት ውሎ የሚያውቅ ሰው አብሮት ይግባ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ውሎው ነው።