ቧንቧ ሲፈነዳባችሁ ውኃውን ሳትዘጉ ዋጋ አትስማሙ

ጅማ ላላችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው። እኔ የተበላሁትን እናንተ እንዳትበሉ።

ባለፈው ወር ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ውኃ ሲንሿሿ ሰምቼ ነቃሁ። ዝናብ መሰለኝ፤ ጅማ ውስጥ የሌሊት ዝናብ ብርቅ አይደለም። ተመልሼ ልተኛ ስል ድምፁ ከጣራ ሳይሆን ከወጥ ቤት በኩል እንደሆነ ገባኝ። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሌሊት ሲለቀቅ በኃይል ይመጣል። ያረጀው የብረት ቧንቧ ከግድግዳው ሥር ተሰንጥቆ ውኃው ግድግዳውን ይገርፈዋል። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ምርጊቱ እየራሰ በቁራሽ በቁራሽ ሲወርድ ቆሜ አየሁ።

መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ። ከዚያ ወደ ውኃ ቆጣሪው ሮጥኩ። አጠገቡ ያለው መዝጊያ፣ ባለሙያዎቹ ሳራቺኔስካ የሚሉት፣ ዝጎ ደርቋል። በሁለት እጄ ብታገለው ንቅንቅ አላለም።

ሊነጋጋ ሲል የጎረቤት ልጅ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ በባጃጅ ይዞልኝ መጣ። ሰውየው ቆሞ አየና፣ «እናት፣ ይሄ መስመር አልቆለታል። ሙሉውን ካልቀየርነው አልነካውም። 14,500 ብር፣ ግማሹ አሁን» አለኝ። ውኃው እየፈሰሰ ነው። ልጆቼ በሳህን ይቀዳሉ። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው ትልቁን መፍቻ አውጥቶ መዝጊያውን የዘጋው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ዘግቶልኝ ቢሆን ኖሮ ሻይ አፍልቼ፣ ሌላ ሰው ጠይቄ፣ ተከራክሬ ነበር የምስማማው።

ቧንቧውን ራሱ ገዝቶ አመጣ። ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ነው። «አንደኛ፣ ወፍራሙ» አለኝ። 9 ዘንግ ብሎ አስከፈለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ነገ አመጣለሁ» አለ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም። ስልኩም አይነሳም።

በዘጠነኛው ቀን መገጣጠሚያው ላይ ፈነዳ።

በዚህ ጊዜ የመጡት አንድ ሸምገል ያሉ ባለሙያ ናቸው። ጎሚቶውን፣ ማለትም ቧንቧው የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ፣ ቆርጠው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ውስጡ ቀልጦ አብጦ ቀዳዳው የእስክሪብቶ ቀፎ አክሏል። ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ጭራሽ አልያዘም። ጋሼ እንዳስረዱኝ ፒፒአር የሚበየደው 260 ዲግሪ በሞቀ ማሽን ነው። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ማሽኑ ላይ የሚቆየው 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ከበዛ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ካነሰ አይያያዝም። ከሁሉም በላይ ደረቅ መሆን አለበት። የእኔው ሲበየድ ከጫፉ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግን ምን አውቄ!

ከዚያ የልጄን ማስመሪያ ከቦርሳዋ አወጣን። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ወፍራም ቧንቧ፣ ፒኤን 20 የሚባለው (ፒኤን ቧንቧው የሚችለውን የውኃ ግፊት የሚናገር ቁጥር ነው)፣ የግድግዳው ውፍረት 3.4 ሚሊሜትር ነው። የእኔ 2 እንኳ አይሞላም። ገላው ላይ ፒኤን 10 የሚል ተጽፏል። ለቀዝቃዛ ውኃ እንኳን ባልከፋ፤ ግን እኔ የከፈልኩት የወፍራሙን ዋጋ ነው። ርቀቱንም ለካን፤ ከቆጣሪው እስከ ወጥ ቤት 18 ሜትር። አንዱ ዘንግ 4 ሜትር ነው። 5 ዘንግ ይበቃ ነበር። አራቱ የት ገቡ?

እባካችሁ ዛሬውኑ መዝጊያችሁን ሞክሩት። ከደረቀባችሁ ቀን በቀን፣ ሳትጣደፉ አስቀይሩት። ውኃው ከተዘጋ ማንም በጥድፊያ ዋጋ አይቆርጥባችሁም። ሠራተኛ ስትጠሩም መጀመሪያ የሚዘጋበትን ብቻ ተስማምታችሁ ክፈሉት፤ ጥገናው ሌላ ወሬ ነው። ቧንቧውን አብራችሁት ሄዳችሁ ግዙ፤ ገላው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ሥራው ሲያልቅ ዋናውን መዝጊያ ሳይሆን ቤት ውስጥ ያሉትን የቧንቧ መክፈቻዎች ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩት። ትንሿ ጎማ ከዞረች የሆነ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው፤ የሚፈስሰው ደግሞ በእናንተ ላይ ይቆጥራል። ይሄን ሳታዩ የመጨረሻውን ብር አትስጡ።

ደረሰኙን ደግሞ አደራ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። ማስረጃ ግን ይፈልጋል። እኔ በዘጠነኛው ቀን ጊዜው ነበረኝ፤ ወረቀቱ ነው ያልነበረኝ። ሰሞኑን አሠርታችሁ ገና 15 ቀን ያልሞላችሁ ካላችሁ ዛሬ ቧንቧችሁ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩና ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።