ከበድ ላለ ሰው የሥራ መመላለሻ፦ ርካሽ አዲስ ባለ ሾክ ብስክሌት ወይስ ያገለገለ ሾክ አልባ?

ክብደታቸው ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ወዳጆቼ በብስክሌት ሥራ ለመመላለስ ባሰቡ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ርካሽ አዲስ ባለ ሾክ ብስክሌት ይሻላል ወይስ በዚያው ገንዘብ ያገለገለ፣ ሾክ የሌለው፣ ነገር ግን በደንብ የተሠራ? መልሴ ምንጊዜም ሁለተኛው ነው።

የርካሹ አዲስ ብስክሌት እውነተኛ ዋጋ በመለያው ላይ የተጻፈው ሳይሆን የመጀመሪያው ዓመት የጥገና ወጪ ሲደመርበት የሚገኘው ነው። አምራቹ በዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ሾክ፣ በርካታ ማርሽና የሚያብረቀርቅ ቀለም ማቅረብ ስላለበት፣ ገንዘብ የሚቆጥበው ገዢ በማያየው ቦታ፣ ማለትም በኋላ ጎማ ሽቦዎች፣ በሞዞው (ሽቦዎቹ በሚነሡበት የጎማው እምብርት) እና በኩሽኔታዎቹ ላይ ነው። የነጂው ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው ደግሞ በዚሁ በኋላ ጎማ ላይ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ሽቦ ወደ መሬት ሲደርስ ይላላል፣ ሲያልፍ ተመልሶ ይወጠራል፤ ከመነሻው በቂና እኩል ውጥረት ካልተሰጠው በዚህ መላላትና መወጠር ደክሞ ሞዞው ጋ ባለው መታጠፊያው ላይ ይበጠሳል። ሽቦው ራሱ ርካሽ ነው፤ የሚያስከፍለው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ የመፍታትና ቸርኬውን የማቅናት ሥራ ነው። አንዱ ሲበጠስ ሌሎቹም እኩል ደክመዋልና ተከታትለው ይበጠሳሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ መንገድ ለጥገና ያወጣው ገንዘብ የመግዣውን ዋጋ ሊያክል ሲቃረብ ብስክሌቱን ጨርሶ ተወው፤ ያሳዘነኝ ከገንዘቡ ይልቅ ክብደቱን ጥፋተኛ አድርጎ ተስፋ መቁረጡ ነው።

ሁለተኛው ደካማ ቦታ የኋላ ጎማው ዘንግ ነው። በብዙ ርካሽ ብስክሌቶች የኋላ ጥርሶች በሞዞው ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዘው የሚገቡ ሲሆን፣ በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ከፍሬሙ ርቆ ወደ ውስጥ ስለሚቀመጥ ዘንጉ በቂ ድጋፍ ሳያገኝ ይቀርና ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። በተሻሉት ላይ ጥርሶቹ ተሰክተው በቀለበት የሚታሰሩ ሲሆን ኩሽኔታው ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ይጠጋል። ይህ አንድ ልዩነት ብቻውን ያገለገለውን እንድመርጥ ይበቃኛል።

ሾኩን በተመለከተ፣ ርካሹ ሾክ ለነጂው ክብደት የሚስተካከል ስላልሆነ በከባድ ሰው ሥር እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ የብረት ሸክም ብቻ ነው። ምቾት የሚፈልግ ሰው 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጎማ ያስገባ፤ ዋጋው ከሾክ ጥገና ያነሰ ነው።

አስመስለው የተሠሩት ብስክሌቶች ይበልጥ ያስቆጣሉ። በፍሬሙ ላይ የታወቀ ስም መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ተለጣፊውን ሳይሆን ቸርኬውን መርምሩ። ማግኔት ከያዘው ብረት ነውና ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ በዝናብ ጊዜ በደንብ አያቆማችሁም። ጎማው ከቸርኬው ላይ ሲወልቅ የሽቦዎቹ ራሶች ጎማው በሚያርፍበት ወለል ላይ ከታዩ ቸርኬው ባለ አንድ ግድግዳ ነው፤ ወደ ጥልቅ ቀዳዳ ገብተው ከታዩ ግን ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፣ እናንተም የምትፈልጉት ይህንኑ ነው። ሻጭ «ማንኛውንም ክብደት ይሸከማል» ካለ በአምራቹ የተፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት በጽሑፍ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌቱንና ዕቃውንም ይጨምራል፤ ስለዚህ 120 ኪሎ ከተባለ፣ 16 ኪሎው ብስክሌት፣ 6 ኪሎው ቦርሳ ከሆነ ለነጂው የሚቀረው 98 ኪሎ ብቻ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ የፍሬሙን ብየዳዎች ዙሪያ በብርሃን ተመልከቱ፤ ከመሪው በታች ባሉት ቧንቧዎች ላይ ቀለሙ ተሸብሽቦ ከተገኘ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷልና ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። የሰንሰለቱ 24 መጋጠሚያዎች አዲስ ሳሉ 304.8 ሚሊ ሜትር ይለካሉ፤ 308 ከደረሱ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ሳይበሉ አይቀሩምና የሁለቱን ዋጋ ከጠየቁት ላይ ቀንሱ። የተቀነሰውን ገንዘብ ለኋላ ጎማ አስቀምጡት። ባለ 36 ሽቦ፣ በእጅ የተወጠረ ጎማ ርካሽ አይደለም፤ ሆኖም ለከባድ ነጂ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚውልበት ቦታ አላውቅም። የድሮ ተራራ ብስክሌቶች ባለ 26 ኢንች ጎማ ግን ትንሽ በመሆኑ በራሱ ጠንካራ ነው፤ ሽቦው 32 ቢሆንም ውጥረቱን አስተካክሎ መጀመር ይቻላል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዳገት ለሚበዛበት መንገድ ይረዳል፤ ነገር ግን ሞተሩ በኋላ ሞዞ ውስጥ ከሆነ በዚያው በደከመው ጎማ ላይ ሸክም ይጨምራል፣ ባትሪውም ሲያረጅ ሌላ ትልቅ ወጪ ነው። ለመጀመሪያ አልመክረውም።

አቅሙ የሚፈቅደው ርካሹን አዲስ ብቻ ከሆነ፣ ሾክ የሌለውን ሞዴል ምረጡና ገና ሳትነዱት ለጎማ ባለሙያ ሰጥታችሁ ሽቦዎቹን በእኩል አስወጥሩ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም መልሳችሁ አሳዩት።